ዛሬ ሮክቪል ሄጄ ተናገርኩ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ስኖር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የአካባቢያችንን አስተዳደር፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲን ምክር ቤት ደጃፍ ግን ዛሬ ገና ረገጥኩ። ሮክቪል ነው። በቀዩ የባቡር መስመር ከሄዳችሁ በዋሽንግተን ዲሲ በኩል ዞራችሁ ነው የምትደርሱት፤ እኔ በመኪና ሄድኩ።

ጉዳዩ የካውንቲው በጀት ነው። የካውንቲው ኃላፊ እስከ ማርች 15 ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ እስከ ጁን 1 ያጸድቃል። በመሃል ነዋሪው ተመዝግቦ ይናገራል። አንድ ወዳጄ «ዜጋ ሳትሆኚ?» ብሎኝ ነበር። ዜግነት የሚጠየቀው ለምርጫ ነው፣ ለመናገር አይደለም።

ስሜ ሲጠራ ጉልበቴ ከዳኝ። ምክር ቤቱ 11 አባላት አሉት፤ ለኔ ግን መቶ መሰሉኝ። ሰዓቱ ደግሞ ወደ ኋላ ይቆጥራል! ስለ ማታ የእንግሊዝኛ ትምህርት የጻፍኩትን ወረቀት ተውኩትና ስለ እናቴ አወራሁ። እዚያ ተምራ ነው ለሐኪሟ ያለ እኔ ሕመሟን ማስረዳት የጀመረችው። ሳልጨርስ ሰዓቴ አለቀ። አንዷ የምክር ቤት አባል ግን ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ፤ ወይ ለእኔ መስሎኝ ይሆናል።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ተቆጣች። «ታዲያ እኔን ለምን አልወሰድሽኝም?»