ሬዲዮው፣ ሞደሙ፣ ላፕቶፑና የገመዱ ጣጣ

የባሕር ሬዲዮን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ኢሜይል ስለ መላላክ ሲነሳ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙ እኮ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ተጭኖ ያበቃል። ወገብ የሚያጎብጠው ከሬዲዮው ጀርባ ያለው ሥራ ነው። የምናገረው ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራው የረጅም ርቀት ሬዲዮ እንጂ ወደብ አካባቢ ስለምንነጋገርበት ቪኤችኤፍ አይደለም።

ሞደሙ ጽሑፉን ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ሬዲዮው ድምፁን አየር ላይ ይለቀዋል። በሁለቱ መካከል የሚያስፈልጉት መስመሮች ድምፅ መግቢያ፣ ድምፅ መውጫ፣ «አሁን አስተላልፍ» የሚለው ትእዛዝና የጋራ ኧርዝ፣ ማለትም ሁለቱ የሚጋሩት የመመለሻ ሽቦ፣ ናቸው። አንድ ገመድ ከተጨመረ ላፕቶፑ ፍሪኩዌንሲውን ራሱ ይቀይራል። እኔ የማይክሮፎኑን መሰኪያ ትቼ ከኋላ ያለውን የዳታ ሶኬት እመርጣለሁ። የማይክሮፎኑ መንገድ ለሰው ንግግር የተሰናዳ ስለሆነ የሞደሙን ቃና ሊያዛባው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት። ሬዲዮው 100 ዋት ያህል ሲለቅ ኃይሉ ሁሉ በአንቴናው አይወጣም፤ ከፊሉ በጀልባዋ ውስጥ ባገኘው ገመድ ላይ ይሳፈራል። ሞደሙን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው የዩኤስቢ ገመድ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ማስተላለፍ ሲጀመር በማያ ገጹ ላይ ያለው ቀስት ማንም ሳይነካው ይዘላል፤ ላፕቶፑም ሞደሙ እንደተነቀለ ያስታውቃል። ይህን ያየ ሰው ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ ከንቱ ድካም! መድኃኒቱ የፌራይት ቀለበት ነው፤ በገመዱ ላይ የተሳፈረውን የሬዲዮ ኃይል የሚያግድ መግነጢሳዊ ቀለበት ማለት ነው። ገመዱን በቀለበቱ ውስጥ ደጋግሞ መጠምጠም ይገባል፤ አንዴ ብቻ ማሳለፍ ለይስሙላ ነው። ሞደሙ ብሉቱዝ ካለው ገመዱን ጨርሶ መተው ይቻላል።

ጣጣው በተቃራኒውም ይመጣል። የላፕቶፑ ቻርጀር በሬዲዮው ላይ የማያቋርጥ እዝዝታ ይጥላል። ጸጥ ያለ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሆኖ ቻርጀሩን መንቀል ነው፤ እዝዝታው አብሮ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። እኔ ደብዳቤ የማወርደው በባትሪ ብቻ ነው።

ሁሉ ነገር ሲስተካከል ሬዲዮው ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ፓክተር የሚባለው የአላላክ ስልት ጥቂት ልኮ፣ «ደረሰኝ» የሚል መልስ ሰምቶ፣ ከዚያ ይቀጥላል። በአጭሩ ዙር ይህ በየ1.25 ሰከንዱ ይደጋገማል። ባትሪው ከደከመ ወይም ሽቦው ከቀጠነ የጀልባዋ መብራት በእያንዳንዱ ዙር ሲደበዝዝ ይታያል። ከመላክ በፊት ግን ማድመጥ ግድ ነው፤ ሞደሙ የሌላው ሰው ግንኙነት ላይ ዘልሎ እንዲገባ ማድረግ ነውር ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ የፓክተር ሦስተኛው ትውልድ የሆነው ፓክተር 3 መስመሩ ቢያምርለት እንኳ በሰከንድ 6,000 ቢት አይሞላም። የነፋስ ትንበያ ፋይል ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል። 3 ሜጋባይት የሆነ ፎቶግራፍ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ለጀልባ ተጓዦች የሬዲዮ ኢሜይል አገልግሎት የሚሰጠው ሴይልሜይል ደግሞ ለአንድ ጀልባ የሚፈቅደው በሳምንት 90 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ፎቶ ላክልን ለምትሉኝ ወዳጆቼ መልሴ አጭር ነው፤ ወደብ ስደርስ።