«አትንኩብን» የተባሉ ኮምፒውተሮች

ሶፍትዌር መጫን ቀላል ነው፤ እንዳይጫን መከልከል ነው የሚያስመሸው። ዛሬ የዋልኩት በዚሁ ነው። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ከአንድ ቦታ የምንቆጣጠርበት የማይክሮሶፍቱ ኮንፊገሬሽን ማናጀር ሁሉም ላይ ይግባ ተብሏል፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር። ጥቂቶቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ከመለኪያ ማሽኖች ጋር የተያያዙት ናቸው። ማሽኑ ሲለካ ያድራል፤ እኩለ ሌሊት ላይ አፕዴት መጥቶ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ካደረገው ያ ሁሉ ሥራ ውኃ በላው ማለት ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ «እባካችሁ እነዚህን አትንኩብን» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ባልደረባዬ ሶፍትዌሩን የሚልከው ሰርቨር እንዳይደርስባቸው በፋየርዎል እንዝጋበት አለ። አልወደድኩትም። ሰርቨሩ እንዲህ በቀላሉ ተስፋ አይቆርጥማ! ኮምፒውተሩን ካላገኘው በየሰዓቱ እየተመለሰ እስከ 7 ቀን ድረስ ይሞክራል። የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ሎግ «አልተሳካም» በሚል መልእክት ይሞላል፤ እውነተኛ ችግር ሲመጣ በዚያ ሁሉ መሃል ማን ያየዋል?

መከልከል ያለበት ከሰርቨሩ ነው። የሰርቨሩ ሬጂስትሪ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ቅንብሩን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ኤክስክሉድ ሰርቨርስ የሚባል ዝርዝር አለ፤ የኮምፒውተሮቹን ስም እዚያ ታስገባለህ፣ አውቶማቲኩ ጭነት ያልፋቸዋል። ችግሩ ዝርዝሩ የሚያውቀው ስም ብቻ መሆኑ ነው። ነገ አንዱ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ ሌላ ስም ቢሰጠው ለሰርቨሩ አዲስ እንግዳ ነው፣ ይጭንበታል።

በዚያ ላይ መግቢያው አንድ አይደለም። እኛ ጋ ኮምፒውተር ሲነሳ ሶፍትዌሩ ከሌለ የሚጭን ስክሪፕት በግሩፕ ፖሊሲ (ለብዙ ኮምፒውተሮች በአንዴ ትእዛዝ በሚሰጥበት የዊንዶውስ መንገድ) ይሄዳል፤ የሬጂስትሪው ዝርዝር ደግሞ እሱን አያግደውም። ስለዚህ የድርጅቱ ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች በሚመዘገቡበት አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ አንድ ግሩፕ ከፈትኩ፣ ኮምፒውተሮቹን አስገባሁ፣ ፖሊሲው እነሱ ላይ እንዳይሠራ ዲናይ፣ ማለትም ክልክል፣ አልኩት። ዲናይ ካለ የፈለገው ፈቃድ ቢኖር አይረዳም። አስቂኙ ነገር ኮምፒውተሩ የግሩፑ አባል መሆኑን እንዲያውቅ ሪስታርት መደረግ አለበት። ሪስታርት እንዳይሆንባቸው ብለን ሪስታርት ልንለምን ሄድን! ኃላፊዋ ሳቁብን፣ ልኬቱ እስኪያልቅ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከዚያ የትኛው ፖሊሲ እንደተተገበረና እንዳልተተገበረ የሚያሳየውን ጂፒ ሪዘልትን ሳስኬደው ፖሊሲው ካልተተገበሩት መካከል ተቀምጧል፣ ከጎኑ «ዲናይድ ሴኪዩሪቲ» ይላል። እሱን ሳላይ ከወንበሬ አልነሳም ብዬ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቀጣዩ ነው። እነዚህ ኮምፒውተሮች ከእንግዲህ አፕዴት በእኛ በኩል አያገኙም፣ ምን እንደተጫነባቸውም ሪፖርታችን ላይ አይታይም። አትንኩብን ማለት አትጠብቁን ማለት ሊሆን ነው? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ስም፣ የታለፈበት ምክንያትና እንደገና የሚታይበት ቀን ይጻፍ አልኩ፤ ከሌላው ኔትወርክም ይነጠሉ። ምክንያት የሌለው ስም ዝርዝር ውስጥ ከገባ ማንም አያወጣውም፣ ለዘላለም እዚያው ነው።

ወሬው ደግሞ እንዴት እንደሚፈጥን! ገና ከሰዓት ሳይሆን አንድ አለቃ «የኔም ላፕቶፕ ይቅርልኝ፣ ያንቀራፍፈዋል» የሚል ኢሜይል ላኩ። ላፕቶፑን ምን እንዳንቀራፈፈው ነገ ሄጄ አይላቸዋለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ግን አይገባም።