ስሙ የእሱ፣ ፊቱ የወንድሙ

ዛሬ ቴምብር የሚሰበስበው ጎረቤቴ ሁለት ቴምብሮችን በወረንጦ አንሥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። ሁለቱም በ1994 እ.ኤ.አ. የታተሙ ባለ 29 ሳንቲም የአሜሪካ ቴምብሮች ናቸው፤ በሁለቱም ላይ የተጻፈው ስም ቢል ፒኬት ነው። ፊቶቹ ግን የተለያዩ ናቸው!

ፒኬት በ1870 ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ፤ አባቱ በባርነት ያለፈ ሰው ነበር። ከሚጋልብ ፈረስ ላይ ዘልሎ የወይፈኑን ቀንድ ይይዛል፣ አንገቱን ይጠመዝዛል፣ ከዚያም የወይፈኑን ከንፈር በጥርሱ ነክሶ መሬት ላይ ይጥለዋል። ዛሬ በሮዲዮ፣ ማለትም በአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች የፈረስና የከብት ውድድር፣ የሚታየው ወይፈን የመጣል ውድድር መነሻው እሱ ነው። ሆኖም በጥቁርነቱ ምክንያት ከብዙ ውድድሮች ታግዷል። በ1932 ፈረስ ረግጦት ሞተ፤ ወደ ብሔራዊው የሮዲዮ ዝነኞች አዳራሽ የገባው በ1971 ነው።

ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው በመጨረሻ ቴምብር ሲታተምለት የወንድሙ የቤን ምስል ወጣ! ቤተሰቡ ስህተቱን ሲያሳውቅ ፖስታ ቤቱ ኅትመቱን ሰብስቦ በትክክለኛው ፊት እንደገና አሳተመ። ይህን በማድረጉ አከብረዋለሁ። ቅር ያሰኘኝ 150,000 የስህተቱ ሉሆች በዕጣ መሸጣቸው ነው። እኔ ብሆን አንድም አላስቀርም ነበር፤ ጎረቤቴ ግን በዚህ ፈጽሞ አይስማማም።