እንኳን ለ2017 አደረሳችሁ፤ ለጋሼም መታሰቢያ

እንኳን አደረሳችሁ! ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ቡድን አበባየሆሽ በራችን ላይ ጨፍሮ ሄዷል። ለሦስተኛው ዝርዝር ብር አልቆብኝ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ። ደስ የሚል ጠዋት ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው።

አጎቴ ጋሼ በግንቦት ተለየን። በሰኔ ደግሞ ገጣሚው ነቢይ መኮንን አረፈ። በደርግ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚሼልን ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ በሲጋራ ፓኬት ብራማ ወረቀት ላይ፣ በ3,000 ያህል ቁራጭ፣ የተረጎመልን ነቢይ። ጋሼ ከእርሱ ጋር አልታሰረም። ስሙ በተነሳ ቁጥር ግን «እኛም ዘንድ መጽሐፍ ነበረን፤ ያጣነው ወረቀቱን ብቻ ነው» ይል ነበር። ግማሹን ይነግረኝና ዝም ይላል። የቀረውን የሰማሁት በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው።

ጋሼ በ1970 ሲታሰር ዕድሜው 19 ነበር። በእስር ክፍላቸው አንድ መምህር ነበሩ፤ ከቤታቸው የተወሰዱት አንድ ልብ ወለድ እያነበቡ ሳለ ነው። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያነበቡትን በቃላቸው ይተርኩላቸዋል። አንድ ሌሊት ላይ «ከዚህ በኋላ አላነበብኩም» አሉ። ባለታሪኩ ወጣት ከአገሩ ርቆ፣ መንገድ ላይ እንዳለ ቀረ።

እስረኞቹ ግን አልተዉትም። በየተራ ፍጻሜ ፈጠሩለት። አንዱ ዳረው፣ አንዱ ባሕር አሻገረው። የጋሼ ተራ ሲደርስ ወጣቱን በእንቁጣጣሽ ጠዋት ቤቱ አገባው፤ እናቱ ቡና እየቆላች ነው፤ ቀና ብላ አየችውና «እጅህን ታጠብ» አለችው። በቃ። «እንዴት አታለቅስም?» ብለው ሲጮሁበት፣ «ካለቀሰች ቡናው ያርራል» አላቸው። ይህንኑ ደጋግሞ እንዲነግራቸው ይለምኑት ነበር አሉ። ከሳምንታት በኋላ የመምህሩ ስም በሌሊት ተጠራ። አልተመለሱም።

ጋሼ በ1977 ተፈታ። አርባው ካለፈ በኋላ መደርደሪያውን ሳጸዳ ያንን ልብ ወለድ አገኘሁት። እስከ እኩሌታው ገጾቹ ከመገላበጥ ብዛት ልመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ጫፋቸው እንኳ አልታጠፈም። መሃሉ ላይ ለምልክት የተቀመጠው የሲጋራ ፓኬት ብራማ ወረቀት ነው፤ መታጠፊያው ላይ ብሩ ተልጦ ነጩ ይታያል።

እትዬ፣ እንኳን አደረሰሽ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለወንድምሽ ስንቅ ያመላለስሽው አንቺ ነሽ። የገባው ሳህን ባዶውን ሲመለስልሽ «በልቷል፣ አለ ማለት ነው» እያልሽ ያን ሁሉ መንገድ በእግርሽ የተመለስሽ። አሁንም ከጓዳ ቡናሽ ይሸተኛል። የእድራችን እናቶች፣ ሦስቱን ቀን እሳት ያላጠፋችሁ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ከባሕር ማዶ እየደወላችሁ አብራችሁኝ ያለቀሳችሁ ጓደኞቼም እንዲሁ።

ነገ መስከረም 2 ነው። ደርግ ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን ከያዘ ልክ 50 ዓመት። ዛሬም ዶሮ ወጡን በሳህን ይዛችሁ በእስር ቤት በር የተሰለፋችሁ አላችሁ። ለእናንተ የምመኘው ይኸው ነው፦ ሳህኑ ባዶውን ይመለስላችሁ፤ ቀጥሎም ሰውየው ራሱ ይምጣላችሁ። አሳሪዎችም ይህን ብታነቡ፣ በር ላይ የቆመችውን እናት ስሟን ጠይቋት።

ከደሴ ድረስ ለለቅሶ የመጡት፣ በእስር ቤት ከጋሼ ጋር በአንድ ፍራሽ የተኙት አባባ፦ ያን ምሽት ከድንኳኑ ጥግ ወስደው ስለነገሩኝ ነገር ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመስቀል እመጣለሁ ብለውኛል። መጽሐፉን አላነበብኩትም፤ ወረቀቱም ከቦታው አልተነቃነቀም። ከእርሱ ወዲያ ያለውን እናንብበው ወይስ እንተወው፣ ሲመጡ እርስዎ ይነግሩኛል።