የቦይለሩ ቀይ መብራት

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14፤ ደብረ ብርሃን

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ስከፍት የግቢው ሣር በውርጭ ነጥቶ አገኘሁት። አከራያችን እትዬ የጎመን መደባቸውን ማታውኑ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍነውት ስለነበር ጎመኑ ተርፏል፤ ከሮቶው ሥር ባለው ቧንቧ አፍ ላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ ግን እንደ ብርጭቆ ስባሪ ረግታ ነበር። ሮቶው ውጭ የሚያድር በመሆኑ ወደ ሻወር ቤታችን የሚወርደው ውሃ የሌሊቱን ብርድ እንደያዘ ይደርሳል። በዚህ ውሃ ገላዬን መታጠብ ከጀመርኩ ዛሬ 55ኛ ቀኔ ነው፤ ሆኖም ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ብዕር ያነሳሁት ቀኑ ስለበዛ ሳይሆን፣ ባለፈው ቅዳሜ የሆነ አንድ ጉዳይ ስለ ራሴ የነበረኝን ግምት ስላናጋው ነው። ቅዳሜ ዕለት፣ ከጥቅምት ጀምሮ ተበላሽቶ የነበረው የሻወር ውሃ ማሞቂያችን፣ ቦይለሩ፣ ተጠግኖ ተሠራ።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ከዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ በብርሃን ስም የምትጠራ፣ በእኛ ዘመን ደግሞ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት። ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማ፣ ሰው ሁሉ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለ ስለ ቅቅልና ስለ ቅቤ በሚያስብበት ወር፣ በፈቃዱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው በጎረቤት ዓይን እንዴት እንደሚታይ ለመገመት አያዳግትም። እኔ ራሴ የመንዝ ልጅ ሆኜ፣ ባና ለብሼ አድጌ፣ ብርድን እንደ ጠላት እንጂ እንደ ልምምድ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

አምና በኅዳር ወር አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። ያኔ ቦይለሩ ደኅና ነበር፤ ያነሳሳኝም ስለ ቀዝቃዛ ሻወር ጥቅም ያነበብኩት ነገር ነው። ጉንፋን እንደማይደፍረኝ፣ የጠዋት ድብርቴ እንደሚለቀኝ፣ ሥራ ላይ እንደምነቃቃ አምኜ፣ ይህንኑም ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ በየቡና ሰዓቱ እየተረክሁ ዘጠኝ ቀን ዘለቅሁ። በአሥረኛው ቀን ጉንፋን ያዘኝ። ከጥቅሙ ጋር ውል የገባሁ ያህል ይሰማኝ ነበርና፣ ጉንፋኑ ውሉን ያፈረሰ መስሎ ስለታየኝ እኔም አፈረስኩት። ባልደረቦቼ ከወር በላይ ሳቁብኝ፤ አልፈረድኩባቸውም።

በኋላ ነው በኔዘርላንድ የተካሄደውንና እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 የታተመውን ጥናት ረጋ ብዬ ያነበብኩት። ከ18 እስከ 65 ዓመት ዕድሜ ያላቸውና ከባድ በሽታ የሌለባቸው 3,018 ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ከፊሎቹ እንደወትሯቸው ሲታጠቡ የቀሩት ለ30 ተከታታይ ቀናት የሞቀ ሻወራቸውን በ30፣ በ60 ወይም በ90 ሰከንድ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲጨርሱ ተደረገ። በቀዝቃዛ ውሃ የታጠቡት በሕመም ምክንያት ከሥራ መቅረታቸው በ29 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ የታመሙባቸው ቀናት ቁጥር ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ስለዚህ ሰዎቹ እንደማንኛችንም ታመዋል፣ ታመውም ሥራ ገብተዋል ማለት ነው። ሁሉም የደረሳቸውን የአስተጣጠብ ዓይነት ያውቁ ስለነበር፣ ከለውጡ የትኛው የውሃው፣ የትኛው የገዛ እምነታቸው ሥራ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፤ 90 ሰከንድ የቆመውም ከ30 ሰከንዱ የተሻለ ነገር አላገኘም። ይህን አምና በኅዳር አውቄ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጉንፋን አልኮርፍም ነበር።

ከጥናቱ ውስጥ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ወሩ ሲያልቅ ከተሳታፊዎቹ 91 በመቶ የሚሆኑት ልምዱን ለመቀጠል እንደሚፈልጉ ተናግረው ነበር፤ በእርግጥ የቀጠሉት 64 በመቶ ናቸው። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የወደቁት ሰዎች ውሃውን ያልለመዱ አይደሉም፤ ወር ሙሉ ታጥበውበታል። ጥቅሙንም የካዱ አይደሉም። አንድ ጠዋት ቧንቧው ፊት ቆመው «ዛሬስ?» ብለው ራሳቸውን የጠየቁ ይመስለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ግምቱ የመጣልኝ ከጠበል ቦታ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እናቴን ይዤ ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ ሰባት ቀን ሰንብተን ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ፣ ጥርሱ የሚንገጫገጭ ወጣት ሁሉም ተራው ሲደርስ «በስመ አብ» ብሎ ይገባል። ውሃው ከእኛ ሮቶ ውሃ በምንም አይሻልም። እኔም በሰባቱም ቀን ገባሁ፤ አንድም ቀን ልግባ ወይስ ልቅር ብዬ ከራሴ ጋር አልተሟገትኩም፤ ሰከንድም አልቆጠርኩም። ይህን ስል ጠበልን ከሻወር ጋር እኩል ማድረጌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ እናቴ ብትሰማኝ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። እኔ የምናገረው ውሃው ፊት ስለቆመው ስለ ራሴ ነው። በዚያ ሰልፍ ላይ እንድወስነው የቀረልኝ ነገር አልነበረም፤ ውሳኔው ያለቀው በሶውንና ቆሎውን ቋጥረን ከቤት በወጣንበት ዕለት ነው። እቤቴ ግን በየጠዋቱ ጉዳዩን እንደ አዲስ እከፍተው ነበር። ከአልጋዬ እስከ ሻወር ቤቱ ያለችው አሥር እርምጃ የበላ ልበልሃ አደባባይ ነበረች፤ ሙቀቱ ከሳሽ፣ እኔ መልስ ሰጪ፤ ብዙ ጊዜም ረቺው ከሳሽ ነበር።

ዘንድሮ በጥቅምት መጀመሪያ የቦይለሩ ማሞቂያ ሲቃጠል ለሁለት ሳምንት ያህል በኤሌክትሪክ ምድጃ በድስት እያሞቅን በጆግ እየቀዳን ታጠብን። መብራት በጠፋበት ጠዋት ደግሞ ሳይታጠቡ መሄድ ነበር። ጥቅምት 20 ቀን፣ ውሃው ገና ለብ ሳይል መብራቱ እልም ሲል፣ ድስቱን ትቼ ሻወሩን ከፈትኩት። በዚያው ቀን ማታ ግን አምና ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ተቀምጬ የነገውን ወሰንኩ። ፎጣዬን በምስማሩ ላይ ሰቀልኩ፣ ልብሴን በምለብስበት ቅደም ተከተል ወንበር ላይ ደረደርኩ፣ «ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ ፎጣዬን አነሳለሁ» አልኩ። እታጠባለሁ አላልኩም፤ ፎጣ አነሳለሁ ነው ያልኩት። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ሙግቱን የዘጋው ይህ ነው፤ ፎጣ ማንሳትን የሚቃወም ብርድ የለምና፣ ፎጣውን ይዞ ሻወር ቤት የደረሰ ሰው ደግሞ ሳይታጠብ ቢመለስ በራሱ ያፍራል።

ውሃው ውስጥ ያለው ትግል ከዚህ የተለየ ነው። መጀመሪያ እግሬን፣ ቀጥሎ ክንዴን አስይዛለሁ፤ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ትንፋሼ ወደ ውስጥ ይሳብና ተቆልፎ ይቀራል፤ ደረቴ ይጠብባል፣ ልቤ እንደ ከበሮ ይደልቃል፣ ማጅራቴ ላይ ብርዱ እንደ መርፌ ይወጋል። አምና ይህ ስሜት ሲመጣ ሰውነቴ «ውጣ» እያለኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቆዳ ድንገት ሲቀዘቅዝ ማንኛውም አካል የሚሰጠው የድንጋጤ ምላሽ ሲሆን፣ በመጀመሪያው 30 ሰከንድ ውስጥ ከፍተኛው ጫፍ ላይ ይደርስና በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይረግባል። ለጥቂት ደቂቃ አምስት ስድስት ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ድንጋጤው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስለትም በጥናት ታይቷል። በእንግሊዝ የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚህ አልፈው፣ ግብ ማስቀመጥን፣ በምናብ መለማመድን፣ መረጋጋትንና ለራስ በጎ ነገር መናገርን የሠለጠኑ ሰዎች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትንፋሻቸውን ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ መያዝ እንደቻሉ አሳይተዋል። ውሃው ያው ነው፤ የተለወጠው በአእምሯቸው ይዘውት የገቡት ነው።

እኔ ግን «እችላለሁ፣ ጀግና ነኝ» የሚለው ንግግር አልሠራልኝም። ትንፋሽ ባጠረበት ቅጽበት ውሸት መሆኑ ያስታውቃል። የሠራልኝ በልጅነቴ ከየኔታ የተማርኩት የግእዝ ቁጥር ነው። አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ እያልኩ፣ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አየሩን ቀስ አድርጌ እያስወጣሁ እስከ ሠላሳ እደርሳለሁ። (ጸሎት ብደግምበት ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን መጸዳጃው አጠገብ ነውና ደግ አይደለም።) በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክልኤቱ ዘልዬ ሰብዓቱ ላይ እገኝ ነበር። የማታለሉ ነገር ለራሴም ሲገርመኝ፣ ቁጥሩን በሚሰማ ድምፅ መጥራት ጀመርኩ፤ ባለቤቴ ከወጥ ቤት «ሰባት ዘለልክ!» ብላ የጮኸችበት ቀን አለ። ካህን አስተምሮኝ ለሻወር ማዋሌ የሚያስወቅሰኝ ከሆነ እቀበላለሁ።

በኅዳር አጋማሽ ለሥራ ሸዋ ሮቢት ወርጄ አራት ቀን ቆየሁ። በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከውርጭ ወደ ላብ ይገባል። እዚያ ቀዝቃዛ የሚባለው ውሃ ለብ ያለ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ስታጠብበት ደስታ እንጂ ፈተና አልነበረውም፤ ስለዚህ ከበሩ ጀርባ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ እነዚያን አራት ቀናት ባዶ ተውኳቸው። ስመለስ ድንጋጤው ከተውኩት እምብዛም አልባሰም፤ ያስቸገረኝ ሌላ ነው። አራት ቀን ከምስማሩና ከፎጣው ተለይቼ ስለከረምኩ ዳዊቴን ጨርሼ እጄ ወደ ሻይ ብርጭቆ ሄደ። በዚያ ጠዋት ተስፋ ያልቆረጥኩት፣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ96 ሰዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት ስላስታወስኩ ነው። አንድ ልማድ ሳያስቡት የሚደረግ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ፣ አንድ ቀን መዝለልም ነገሩን እንደማያፈርሰው ጽፈዋል። አምና በአንድ ጉንፋን ሁሉንም ያፈረሰው ሰውዬ፣ ያ የአምናው እኔ፣ ይህን ሳይሰማ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

እትዬ ነገሩን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። «አንተ ልጅ፣ ጤናህን ነው? ብርድ ይመታሃል» ይሉኛል። አንድ ቀን ግን ቀልድ በሚመስል ነገር እሳቸውም ሊሞክሩት እንዳሰቡ ሲነግሩኝ ቀልዱን አቋርጬ «እትዬ፣ እርስዎ ግፊት አለብዎት፤ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ እንዳይሞክሩት» አልኳቸው። ድንገተኛ ቅዝቃዜ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ለልብ ሕመምተኛም አደገኛ ነው። ቆራጥነት ይህን አይለውጠውም።

ቅዳሜ ቦይለሩ ተሠርቶ ቀይ መብራቱ ሲበራ ቤቱ ሁሉ ተደሰተ። እኔም እሑድ ዕለት በሙቅ ውሃ ታጠብኩ፤ እጅግ ደስ አለኝ፣ ጸጸትም አልተሰማኝም። ሰኞ ጠዋት ፎጣዬን ይዤ ስገባ ግን ያቺ ቀይ መብራት ከግድግዳው ላይ ታየችኝና ቆምኩ። «ለሁለተኛ ቀን ምን አለበት?» የሚለው ከሳሽ ተመልሶ መጥቷል፤ እኔም ተረታሁለትና የሙቁን ከፈትኩ። ቀኑን ሙሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው። በጥቅምት 20 የወሰንኩት ውሳኔ በችግር ቀን የተወሰነ ነበር፤ ሙቅ ውሃ በሌለበት ቤት ቀዝቃዛውን መምረጥ ምርጫ አይባልም፤ ስለዚህ ሃምሳ ቀን ሙሉ በአእምሮዬ ጽናት የኖርኩ የመሰለኝ ከፊሉ የቦይለሩ መቃጠል ነበር። ሙቅ ውሃ ላለበት ቤት ጉዳዩን ገና አልወሰንኩትም ነበር። ትናንት ማታ እንደ መጀመሪያው ቀን ተቀምጬ እሱን ወሰንኩ፤ ፎጣዬንም ሰቀልኩ፤ ባለቤቴ ታጥባ የምትወጣው ከእኔ በኋላ ስለሆነ መብራቷ እንድትበራ፣ እኔም እያየኋት እንድገባ ተስማማን።

ዛሬ ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ ፎጣዬን አነሳሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ «ስትወጣ ቦይለሩን እንዳታጠፋብኝ» አለችኝ። ገባሁ፤ ቀይዋ መብራት በርታ ነበር፤ የቀዝቃዛውን ከፈትኩና አሐዱ ብዬ ጀመርኩ። ዐሠርቱ ላይ ስደርስ እትዬ ከውጭ ጎመናቸውን እየገለጡ «ምነው፣ ተሠርቶም አልቀረለትም እንዴ?» ሲሉ ተሰማኝ፤ ባለቤቴ ሳቋ ሲያመልጣት እኔም ሳቅኩ፤ ቁጥሩ ጠፋኝና እንደገና ከአሐዱ ጀመርኩ።