የቱባ ልምምዴ፦ ከአርኖልድ ጃኮብስ የወሰድኩት

ቱባ የሚባለውን ግዙፍ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያ ከያዝኩ ጀምሮ ሲፈትነኝ የቆየው ትንፋሽ ነው። ረጅም ኖታ ስይዝ መሃል ላይ አየሩ ያልቅና ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሰሞኑን የስመ ጥር ቱባ ተጫዋቾችን ቅጂና ታሪክ ሳሳድድ ነው የሰነበትኩት። ከሁሉም ለእኔ ቢጤ ጀማሪ የሚጠቅም ነገር ትቶ ያለፈው አርኖልድ ጃኮብስ ነው ባይ ነኝ።

ጃኮብስ ከ1944 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ ተጫዋች ነበር። የሚገርመው ሰውዬው አስም ነበረበት፤ የሳንባው አቅምም ዝቅተኛ ነበር። አተነፋፈስን አብጠርጥሮ ቢያጠናም ተማሪውን በጡንቻ ስም አያስጨንቅም። የትምህርቱ ፍሬ ሐሳብ "ዜማና ትንፋሽ" ነው፤ መጀመሪያ ዜማውን በጭንቅላትህ ዘምረው፣ አየሩን ልቀቀው፣ የቀረውን ሰውነትህ ያውቅበታል።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ የማይጨበጥ ምክር መስሎኝ ነበር። የትዝታን ቅኝት ከቢ ፍላት ተነስቼ (እሱን ዶ ብዬ) ስሞክረው ግን ገባኝ። በእኔ ቱባ ዶ እና ሶል ሁለቱም ያለ ቫልቭ (ድምፅ ለመቀየር በጣት የሚጫነው ቁልፍ) ይወጣሉ፤ ሚ እና ላ ደግሞ ሁለቱም አንደኛና ሁለተኛ ቫልቭ ተጭነው ነው። ጣት አይለያቸውም ማለት ነው! ሶልን አስቀድሜ በጆሮዬ ካልሰማሁት ከንፈሬ ዶ ላይ ይቀራል። አሁን መስመሩን መጀመሪያ በድምፄ አዜመዋለሁ፣ ቀጥሎ በማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበት ተነቃይ መንፊያ) ብቻ፣ ከዚያ በቱባው። ትንፋሹም ሳላስበው ረዘመ። ታች ያለው ዶ ላይ ግን ገና ይቀረኛል።

ስለ መሣሪያውም ትንሽ ልበል። ጃኮብስ ዝነኛውን ዮርክ ቱባ ገና ተማሪ ሳለ በ175 ዶላር ነው የገዛው። ቱባው የተሠራው ለፊላደልፊያ ኦርኬስትራው ቱባ ተጫዋች ፊሊፕ ዶናቴሊ ነበር። ዛሬ የቺካጎ ኦርኬስትራ ንብረት ሲሆን፣ የመሣሪያ አምራቾቹ ያማሃና ሂርስብሩነር አምሳያውን ሠርተዋል። ዋጋቸውን ባትጠይቁ ይሻላል።

ሌሎቹ ቱባ ተጫዋቾችም ቀላል ሰዎች አይደሉም። ሮጀር ቦቦ ቱባ ብቻውን መድረክ እንደሚሞላ አሳይቷል። ካሮል ጃንሽ በ2006 ገና ተማሪ ሳለች የፊላደልፊያ ኦርኬስትራን ውድድር አሸንፋ ገባች። ልቤን የነካው ግን የሃርቪ ፊሊፕስ ነገር ነው። መምህሩ ዊልያም ቤል የተወለደው በፈረንጆቹ ገና ዕለት ነበር። ፊሊፕስ በ1974 ለመምህሩ መታሰቢያ ኒውዮርክ፣ ሮክፌለር ሴንተር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቱባ ነፊዎችን ሰብስቦ የገና መዝሙር አስነፋቸው። ዝግጅቱ ዛሬም በብዙ ከተሞች በየዓመቱ ይደረጋል፤ ጀማሪም ባለሙያም ጎን ለጎን ይነፋል። ለመምህር እንዲህ ያለ መታሰቢያ ከሐውልት ይበልጣል።

ቀጥሎ የምይዘው የእንግሊዛዊውን አቀናባሪ የቮን ዊልያምስን የ1954 የቱባ ኮንቸርቶ (ቱባው ከኦርኬስትራ ጋር በብቸኝነት የሚደምቅበት ሥራ) ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ፣ ያውም አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጌ። የቱባ ተጫዋቹን የጆን ፍሌቸርን ቅጂ እየሰማሁ የት የት እንደሚተነፍስ ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረግሁ ነው። ይህን ክፍል የተጫወታችሁ ካላችሁ፣ ረጃጅሞቹን ሐረጎች የት ላይ እንደምትቆርጧቸው ንገሩኝ።