ከኋላ በር ጓጉንቸር እስከ ዘጌ ጀልባ፦ ስብሰባ ሳዘጋጅ የተማርኩት

ባሕር ዳር ውስጥ የማኅበራችንን ስብሰባዎች ማስተባበር ከጀመርኩ ዓመት ሞላኝ። የመጀመሪያው ዕቅዴ አሁንም ደብተሬ ውስጥ አለ፦ ምሳ፣ ባነር፣ አበል፣ የስም ዝርዝር። ስለ ደኅንነት አንዲት መስመር የለችበትም። እስካሁን ሦስት አዘጋጅቻለሁ፤ ከየአንዳንዱ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያው 80 ሰው ነበረን። ለፕሮጀክተሩ ብለን መጋረጃውን ሁሉ ዘግተናል። ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። አዳራሹ ድቅድቅ አለ፤ ሰው ሁሉ በገባበት በር ሊወጣ ተነሣ። እኔ ወደ ኋላው በር ሮጥኩ። የፕላስቲክ ወንበር እስከ ደረቴ ተደርድሮበታል። ወንበሩን ገፋ ሳደርግ ጓጉንቸር። ቁልፉ ሌሊት ተረኛ ከነበረው ጥበቃ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ቤቱ ገብቷል። በፊተኛው በር በግፊያው መሐል አንድ አባት ደፉ አደናቅፏቸው ወደቁ፤ ጉልበታቸው ተላጠ። እሳት ቢሆን ኖሮስ? ያን ዕለት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ሲቀረው አዳራሹን ሄጄ አያለሁ። በሮቹን ራሴ ከፍቼ እዘጋለሁ። የእሳት ማጥፊያው የግፊት መለኪያ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ኤክስቴንሽን ላይ ኤክስቴንሽን ተሰክቶ ካገኘሁ አስነቅላለሁ። ጠዋት ከመክፈቻ ንግግሩ በፊት መውጫዎቹን በእጄ አሳያለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ነሐሴ ላይ ነበር። ዝናቡ አላቆም ስላለ መስኮቱን ዘጋግተን ቡናው እዚያው አዳራሹ ጥግ ይፈላል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ከሰሉ ቀልቷል። ቡና የምታፈላው ልጅ መጀመሪያ ራሴን አመመኝ አለች፣ ቀጥሎ አዞራት። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም የለው። እጣን እየጨሰ ደግሞ ማን ይጠረጥራል? ወዲያው ወደ ውጭ አውጥተን፣ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ ደህና ሆነች። አሁን ቡና የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው። ድምቀቱ ቀነሰ ያሉኝ አሉ። ይቀንስ።

ከዚያ በኋላ የሥጋት ሠንጠረዥ ሠራሁ። የመከሰት ዕድሉ ከ1 እስከ 5፣ ጉዳቱ ከ1 እስከ 5፣ ከዚያ ማባዛት። የምግብ መመረዝን 3 በ3 አልኩት፤ 9። እሳትን 2 በ5፤ 10። ከቁጥሩ በላይ የጠቀመኝ ግን የመጨረሻው ዓምድ ነው፦ ኃላፊው ማነው? «ኮሚቴው» ተብሎ የተጻፈውን ማንም አይሠራውም። አሁን የሰው ስምና ስልክ ይጻፋል። ከላይ ደግሞ 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ፤ 991፣ ፖሊስ።

በሦስተኛው ከሥልጠናው ጋር ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በጀልባ መሄድ ታሰበ። ሌላው ገዳም ክብራን ገብርኤል ሴቶች ስለማይገቡበት ግማሹን ሰው ማስቀረት አልፈለግንም። ጉዞውን ከምሳ በኋላ ነበር የያዝነው። አንድ ጀልባ ነጂ «ጣና ከሰዓት በኋላ አይታመንም፣ በጠዋት ውሰዷቸው» አለኝ። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ቶሎ ይቆጣል። ፕሮግራሙን ገለበጥን።

ሰዉ 22፣ ላይፍ ጃኬቱ 24። በቂ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ መቆለፊያቸውን ሞከርኩ። አምስቱ አይይዙም። ሌላ ጀልባ ላይ ሦስት ለምነን እስክናገኝ 25 ደቂቃ ጠፋ፤ ሰዉ አጉረመረመ። ከደረትህ ላይ የሚሾልክ ጃኬት ግን ውኃ ላይ ምንም አያደርግልህም።

ልንመለስ ስንል ስም ጠራሁ። 21። እንደገና ቆጠርኩ። 21። አንዷ እኅታችን የዘጌን ቡና ልትገዛ ወደ ጫካው ዘልቃ ኖሯል። ስልኳ አይሠራም። እስክናገኛት 15 ደቂቃ ልቤ ቆሞ ነበር። አሁን ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሄደው፤ ጓደኛህ ከሌለ ጀልባው አይነሣም።

ቀጣዩ ጥቅምት ላይ ነው፣ 120 ሰው። ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚመጡት የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው ጠይቀው፣ በዋዜማው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲገቡ ነግሬያለሁ። ያልፈታሁት ከእራት በኋላ በየባጃጁ የሚበተነውን ሰው ነው። ሁሉም ማረፊያው መድረሱን እናንተ በምን ታውቃላችሁ?